የመኪናን የውኃ ፓምፕና የታይሚንግ ቺንጋ በቤት ስለ መለወጥ

ከሥላሴ ካቴድራል አንሥቶ በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል ባሉት አሮጌ ግቢዎች በቅዳሜ ቀን የሚያልፍ ሰው፣ በአንድ በኩል በክሪክ ተነሥታ፣ ኮፈኗ ተከፍቶ የቆመች መኪና ማየቱ አይቀርም። ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ደመወዝተኛ ወይም ጡረተኛ ነው፤ መካኒኩ ደግሞ የሰፈር ልጅ ነው፣ አለዚያም ባለቤቱ ራሱ ነው። በእንዲህ ያለ ግቢ ዘይት መለወጥና የፍሬን ሸራ መቀየር የተለመደ ነው። ከነዚህ ከፍ ያለ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ግን የውኃ ፓምፕንና የታይሚንግ ቺንጋን የመለወጥ ሥራ ነው። ስለዚሁ ጉዳይ በንግድ ጋዜጣ ላይ ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት፣ ሥራው የሚፈጸመው በግቢ ውስጥ ቢሆንም፣ መልካም ወይም ክፉ ሆኖ የሚወጣው አስቀድሞ በሱቁ ባንኮኒ ላይ በሚደረገው ሽያጭ መሆኑን በመመልከታችን ነው።

አውቶሞቢል ወደ ሀገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤዲ ቤንትሌይ ለዐፄ ምኒልክ ባመጣው መኪና መሆኑ ይታወቃል። የጥገናውን ቋንቋ ግን በአብዛኛው የተውልን ጣልያኖች ናቸው። ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ቡሎን፣ ክሪክ፣ ካንዴላ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ከዚያ የመጡ ቃላት ናቸው። ዛሬ ደንበኛው ዕቃውን በጣልያንኛ ስሙ ይጠይቃል፤ የፋብሪካው ካታሎግ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፤ በካርቶኑ ላይ ያለው ጽሕፈት ደግሞ ጃፓንኛ ወይም ቻይንኛ ሆኖ ይገኛል። ባለ ሱቁ በነዚህ ሁሉ መካከል አስተርጓሚ ሆኖ ይኖራል፤ ለዚህ አገልግሎቱ የሚከፍለው ሰው እስካሁን አልተገኘም።

በቀድሞው ዘመን በከተማችን የበዙት መኪኖች ይህን የምንናገርለትን ችግር አያውቁትም ነበር። ቮልስዋገን ሞተሯን የምታቀዘቅዘው በነፋስ ስለ ነበረ የውኃ ፓምፕ የሚባል ነገር አልነበራትም፤ ቫልቮቿንም የሚያሠራው ጥርስ ለጥርስ የተያያዘ ማርሽ ነበር። ታክሲ ሆና ያገለገለችው ፊያት 600ም ሆነች፣ ከእርስዋ በኋላ ከመጡት ላዳዎች አብዛኞቹ፣ ቫልቮቻቸውን የሚያሠሩት በብረት ሰንሰለት ነበር። በሰንሰለቱ ፈንታ ጥርስ ያለው የላስቲክ ቺንጋ በገበያ ላይ የዋለው፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ግላስ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ በሸጣት አነስተኛ መኪና ነው። ፊያትም እ.ኤ.አ. በ1966 ኢንጂነር አውሬሊዮ ላምፕሬዲ በነደፈው ሞተር ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ቺንጋው ቀላል ነው፤ ድምፅ አያሰማም፤ ዘይት አይጠይቅም፤ ለፋብሪካውም ወጪው አነስተኛ ነው። ነገር ግን ላስቲክ ነውና ዕድሜው የተቆረጠ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከምንጊዜውም ይልቅ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እነዚህ ሦስት ነገሮች ተደማምረው፣ በመንገድ ላይ ያለችውን የቤንዚን ወይም የናፍጣ መኪና ምትክዋ እንደ ልብ የማይገኝ ንብረት አድርገዋታል። ባለቤቷ በአዲስ ሊለውጣት ሳይሆን ሊያኖራት ያስባል። እንደዚህ ባለ ጊዜ በአንድ ቺንጋ ጉድለት አንድ ሞተር ቢጠፋ፣ ኪሳራው የአንድ ቤተ ሰብ ብቻ አይደለም፤ ሞተሩን ለመተካት የሚወጣው ዶላርም አለበት።

የቺንጋው ተግባር ይህ ነው። ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን የታችኛውን ዘንግ፣ ቫልቮቹን ከሚከፍተውና ከሚዘጋው ከላይኛው ዘንግ ጋር ያያይዛል። የታችኛው ሁለት ጊዜ ሲዞር የላይኛው አንድ ጊዜ ብቻ መዞር አለበት፤ ከዚህ ልክ አንዲት ጥርስ እንኳ ቢያልፍ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ይንቀጠቀጣል። ቺንጋው በጉዞ ላይ ቢበጠስ፣ በናፍጣ ሞተርና በብዙዎቹ የቤንዚን ሞተሮች ዘንድ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ተጋጭተው ይጣመማሉ፤ ቴስታታው ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሒሳብ ምን ያህል እንደሚሆን ጋራዥ የደረሰ ሁሉ ያውቀዋል። አንዳንድ የቤንዚን ሞተሮች ግን ፒስተንና ቫልቭ እንዳይገናኙ ተደርገው የተሠሩ በመሆናቸው፣ መኪናዋ በመንገድ ዳር ቀጥ ብላ ከመቆሟ በቀር ሌላ ጉዳት አያገኛቸውም።

የውኃ ፓምፑ ደግሞ በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ማቀዝቀዣውን ያዘዋውራል። በዚህ ላይ የአዲስ አበባ ነዋሪ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በጅቡቲ ወደብ ዳር የተጣደ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በምትገኘው በከተማችን ግን የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት የሚከፈተው በ82 ዲግሪ አካባቢ ስለ ሆነ፣ ሞተሩ ሙቀቱን ካገኘበት ውኃው እስከሚፈላበት ድረስ ያለው ርቀት 10 ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን ጠባብ ቦታ የሚያሰፉት፣ ግፊት አምቆ የሚይዘው የራዲያተር ክዳንና ከውኃው ጋር የሚደባለቀው ኩላንት ናቸው። ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወርዳ በመንገድ መጨናነቅ መካከል እንደገና ወደ አራት ኪሎ የምትወጣ መኪና ፓምፗ የደከመ እንደ ሆነ፣ ዳገቱን ሳትጨርስ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ይጠጋል።

ብዙ ሰው ኩላንቱን ትቶ የቧንቧ ውኃ ብቻ ይሞላል። ርካሽ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን ውኃው ብረቱን ያዝጋል፣ ዝቃጭ ያበጃል፣ በፓምፑ ዘንግ ላይ ውኃ እንዳያልፍ የሚከለክለውን ማኅተም ሳያለሰልስ ይበላዋል። አንዱን ፓምፕ በሁለት ዓመት ለውጦ «የዘንድሮ ዕቃ ምን ጥራት አለው!» እያለ ሻጩን የሚወቅስ ደንበኛ፣ ራዲያተሩን ከፍቶ ቢያሳይ ቀለሙ የቀይ አፈር ጎርፍ የመሰለ ውኃ ይገኝበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በከተማችን ከሚወደዱት መኪኖች አንዷ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2000 የተሠራችው የመጀመሪያዋ ቶዮታ ራቭ ፎር ናት። 3ኤስ ኤፍ ኢ በሚባለው ሞተርዋ ላይ የውኃ ፓምፑን የሚያዞረው ራሱ የታይሚንግ ቺንጋው ነው። ፓምፑን ለማውጣት ቺንጋው መውለቅ አለበት፤ ቺንጋውን ለመለወጥ የተደከመውም ድካም ፓምፑ ድረስ ያደርሳል። ስለዚህ አንዱን ለውጦ ሌላውን መተው አንድን ግድግዳ ሁለት ጊዜ እንደ ማፍረስ ይቆጠራል። አሮጌው ፓምፕ ከስድስት ወር በኋላ ማንጠብጠብ ቢጀምር አዲሱን ቺንጋ ያርሰዋል፤ ኩሽኔታው ቢጨናነቅ ደግሞ ቺንጋውን ከመሥመሩ ያወጣዋል።

ይህ ሲባል ግን ለሁሉም መኪና አንድ ዐይነት ምክር ይሰጥ ማለታችን አይደለም። ፓምፓቸው ከውጭ ባለው ቺንጋ የሚዞርባቸው መኪኖች አሉ፤ ለነዚህ ሁለቱን አንድ ላይ መለወጥ እንደ መኪናው ዐይነት የሚታይ ነገር ነው። ቪትዝን የመሰሉት ደግሞ ሰንሰለት እንጂ የታይሚንግ ቺንጋ የላቸውም። ለቪትዝ የታይሚንግ ቺንጋ ሊገዛ የመጣን ሰው «የለንም» ብሎ መሸኘትና «መኪናዎ አያስፈልጋትም» ብሎ መሸኘት ለዕለቱ ሽያጭ አንድ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ግን አንድ አይደለም።

ከሥላሴ በታች ባለ አንድ ግቢ ውስጥ የተመለከትነውን እንግለጽ። ባለ መኪናው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ረዳታቸው የእኅታቸው ልጅ ነው። ፓምፑ ማንጠብጠቡን ያወቁት ጠዋት ጠዋት በመኪናዋ ቀኝ ጎማ አጠገብ በሚያገኙት እርጥብ ቦታ ነበር። ወጣቱ ወደ ሶማሌ ተራ ወርዶ ፓምፕ ሲጠይቅ፣ ሻጩ መጀመሪያ ሊብሬውን አስወጥቶ የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ተመለከተ። ቀጥሎም «ቺንጋውስ መቼ ተለወጠ?» አለው። ልጁ አላወቀም፤ አጎቱም በስልክ ቢጠየቁ፣ መኪናዋን የገዟት አገልግላ ስለ ነበረ አላወቁም። «እንግዲያው እንዳልተለወጠ ቁጠሩት፤» አለ ሻጩ። ቺንጋውን፣ የመወጠሪያውንና የመሸጋገሪያውን ኩሽኔታዎች፣ የፓምፑን ጓርኒሲዮንና ኩላንቱን አንድ ላይ አስቀመጠለት። ልጁ ለፓምፕ ብቻ የያዘው ገንዘብ ስላልበቃ፣ ሻጩ ዕቃውን ለይቶ አኑሮለት በማግሥቱ ተመለሰ። ከዚህ ሽያጭ የተገኘው ትርፍ ምን ያህል እንደ ሆነ አልጠየቅንም፤ መምህሩ ግን ከዚያ ወዲህ የሻጩን ስም ለጎረቤት ሁሉ ሲናገሩ ሰምተናል።

ሥራው የተጀመረው ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ነው። (ዓርብ ዕለት ወር በገባ በሰባት የሚውለው የሥላሴ በዓል ስለ ነበረ፣ መምህሩ መፍቻ አላስነሡም።) በመጀመሪያ የባትሪው ገመድ ተፈታ። መኪናዋ በክሪክ ከተነሣች በኋላ ከሥሯ የብረት ድጋፍ ገባ፤ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ነፍሱን በአንድ የጎማ ማኅተም ላይ እንደ ሰቀለ ይወቅ። ከዚያም አሮጌው ውኃ በሳፋ ተቀዳ። ኩላንት ጣዕሙ ጣፋጭ፣ ውስጡ ግን መርዝ ነው፤ ውሻም ሕፃንም ሊጠጣው ስለሚችል በግቢው ቦይ አይለቀቅም። መምህሩ በጀሪካን ሞልተው ከደኑት።

የቀኙ ጎማና የውጭዎቹ ቺንጋዎች ወጡ። ሞተሩን በቀኝ በኩል የሚይዘው ድጋፍ መፈታት ስላለበት፣ በዘይቱ ማጠራቀሚያ ሥር ጣውላ ተደርጎ ሞተሩ በሁለተኛ ክሪክ ተደገፈ። ከሁሉ የከበደው በታችኛው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለውን ትልቁን ቡሎን መፍታት ነበር፤ በመፍቻው ጫፍ ረጅም ቧንቧ ገብቶ ሁለት ሰው ጫነው። እዚህ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ አለፈ፤ የሻይ ሰዓትም ሆነ።

ሽፋኑ ሲነሣ ቺንጋው ታየ። በጀርባው ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች ነበሩበት፤ ከጥርሶቹም አንዳንዶቹ ጫፋቸው ተሸራርፏል። ወጣቱ አሮጌውን ከማውለቁ በፊት ሞተሩን በእጅ አዙሮ በላይኛውና በታችኛው መዘውር ላይ ያሉትን የፋብሪካ ምልክቶች ከመነሻቸው ጋር አጋጠመ፤ በነጭ ቀለምም አጎላቸው፤ በስልኩም ፎቶግራፍ አነሣ። በዚህ ሥራ ላይ ከዚህ የሚበልጥ እርምጃ የለም። ከዚያ በኋላ ፓምፑ ወጣ፤ አሮጌው ጓርኒሲዮን የተጣበቀበት ቦታ አሉሚኒየሙ ሳይጫር ጸዳ፤ አዲሱ ፓምፕ ገብቶ ቡሎኖቹ በአንድ ወገን ሳይሆን ፊት ለፊታቸው እየተፈራረቁ ጠበቁ። አዲሱ ቺንጋ ከአሮጌው ጎን ተዘርግቶ ጥርሱ ተቈጠረ፤ እኩል ሆነ። ቺንጋው እንዳይታጠፍ፣ ዘይት የነካው እጅም እንዳይነካው ተጠንቅቀው አስገቡት፤ መወጠሪያውም ተለቀቀ።

«ጋሼ፣ እናስነሣት?» አለ ወጣቱ።

«ቆይ፣ ልጄ። ሁለት ዙር በእጅ አዙርና ምልክቱን እንይ።»

ሁለት ዙር ዞረ፤ የላይኛው ምልክት ከመነሻው በአንዲት ጥርስ ርቆ ተገኘ። ወጣቱ ፊቱ ጠቈረ። መወጠሪያው ተመልሶ ላላ፣ ቺንጋው ወጥቶ እንደገና ገባ፣ ሁለት ዙር ዳግመኛ ተዞረ፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱም ምልክቶች ከየቦታቸው ዋሉ። ሳይመረምሩ በቁልፍ አስነሥተውት ቢሆን ኖሮ፣ መኪናዋ ምን ሆነች ብለው ካንዴላና ነዳጅ ሲመረምሩ ሳምንት ያልፋቸው ነበር። መምህሩ ግን የልጁን ስሕተት ትተው ምሳ እንዲቀርብ አዘዙ።

ከሰዓት በኋላ ሌላው ዕቃ ሁሉ ወደ ቦታው ተመለሰ። ኩላንቱ ቀስ እያለ ተሞላ፤ የመኪናዋ ማሞቂያ ተከፍቶ ሞተሩ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ድረስ ሠራ፤ የታመቀው አየር እየወጣ ሲሄድ የጐደለው ተጨመረ። በአሥራ አንድ ሰዓት ገደማ መኪናዋ እስከ ስድስት ኪሎ ደርሳ ተመለሰች፤ በማግሥቱ ጠዋት ከጎማው ሥር ያለው መሬት ደረቅ ነበር።

እንግዲህ ሁሉም በቤቱ ይሞክረው አንልም። በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ያው ቺንጋ የነዳጅ መርጫውንም ፓምፕ ስለሚያዞር፣ የሚጋጠሙት ምልክቶች ይበዛሉ፤ የአንድ ጥርስ ስሕተትም ከዚህ የከፋ ነገር ያመጣል። ቡሎን የሚጠብቅበትን ኃይል የሚለካ መፍቻ የሌለው፣ የብረት ድጋፍም የሌለው ሰው ወደ ጋራዥ ቢሄድ ይሻለዋል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከዶሮ ማነቂያ ተነሥተው ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡት ብዙዎች ደግሞ የቀድሞ ግቢያቸውን አጥተዋል፤ በጋራ ማቆሚያ ላይ ሞተር ከፍቶ ማደር ከጎረቤት ጋር ያጣላል።

ወደ ሱቁ እንመለስ። የታይሚንግ ቺንጋ በመደርደሪያ ላይ ሳለም ያረጃል። በሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ታጥፎ በላስቲክ ታስሮ፣ ወይም ለዕይታ ሲባል ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ተደርጎ የከረመ ቺንጋ ካርቶኑ አዲስ ቢሆንም እርሱ አዲስ አይደለም። ከቤንዚንና ከዘይት ርቆ፣ በቀዝቃዛና በጨለማ ቦታ በካርቶኑ ውስጥ ተጋድሞ ሊቀመጥ ይገባዋል። አስቀድሞ የገባውም አስቀድሞ ይሸጥ። ከፈረሰ መኪና የወጣ ያገለገለ ቺንጋ ግን በምንም ዋጋ መሸጥ የለበትም፤ ያገለገለ በር ወይም ያገለገለ መስተዋት መሸጥና ይህ አንድ አይደለም።

ስለ አስመሳይ ዕቃ ብዙ ተብሏል። በባንኮኒ ላይ ሊደረግ የሚችለው ምርመራ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ይጠቅማል። በቺንጋው ጀርባ ላይ ያለው ጽሕፈት በጣት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ፣ የፋብሪካው ቁጥር ከካርቶኑ ቁጥር ጋር የማይስማማ ከሆነ፣ የጥርሶቹ አቈራረጥ እኩል ካልሆነ መጠርጠር ነው። የፓምፑን ዘንግ በእጅ ቢያዞሩት ያለ መንገጫገጭ በልስላሴ መዞር አለበት፤ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀንቁትም መላወስ የለበትም። ይህን ምርመራ ደንበኛው ፊት ቆሞ ሳለ የሚያደርግ ሻጭ፣ ዕቃውን ከመመርመሩም በላይ ደንበኛውን ያስተምራል።

ለአስመጪዎች የምንለው አንድ ነገር አለ። ፓምፑን ከአንዱ ሀገር፣ ቺንጋውን ከሌላው፣ ኩሽኔታውን ከሦስተኛው በተናጠል ማዘዝ በወረቀት ላይ ዋጋ የሚቀንስ ይመስላል፤ በመጋዘን ውስጥ ግን ቺንጋው ሲያልቅ ፓምፑ ይቀራል፣ ፓምፑ ሲያልቅ ኩሽኔታው ይከማቻል፤ ዶላሩም ከዚያው ጋር ተከማችቶ ይተኛል። ብዙ ፋብሪካዎች ለአንድ ሞተር የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ካርቶን አሽገው ይሸጣሉ። በተለይ ፓምፓቸው በታይሚንግ ቺንጋ ለሚዞርባቸው ሞተሮች ትእዛዙ በሙሉ ኪት ቢሆን፣ ባለ ሱቁም ደንበኛውን «ሌላውን ከወዲያ ማዶ ፈልግ» ከማለት ይድናል። የኤሌክትሪክ መኪና መምጣቱም ይህን ንግድ ጨርሶ አይዘጋውም፤ የታይሚንግ ቺንጋ ባይኖራትም፣ ከነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዙት ኩላንት በሚያዘዋውር የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው፤ ስለዚህ የፓምፕና የኩላንት ነጋዴ ካታሎጉን ከአሁኑ ቢያገላብጥ አይጎዳም።

ቶዮታ ለብዙዎቹ ሞተሮቹ የወሰነው የመለወጫ ጊዜ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ባለ መኪናው ይረሳዋል፤ መኪናዋም ስትሸጥ አዲሱ ባለቤት ጨርሶ አያውቀውም። ሶማሌ ተራ ያለው ሻጭ ለመምህሩ ከዕቃው ጋር አንዲት ትንሽ ካርድ ጨምሮላቸው ነበር። መምህሩም ቺንጋው የተለወጠበትን ቀንና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በጥቁር ቀለም ጽፈውባት፣ ከኮፈኑ በታች፣ የሞተር ሙቀት በማይደርስበት ቦታ ለጥፈዋታል። በካርዷ ግርጌ የሱቁ ስልክ ቁጥር ታትሟል።